የድሮ የአሜሪካ የብር ዶላር ቫም እንዴት ይለያል? ደረጃ በደረጃ

ቫም ሳንቲሙ ከየትኞቹ የብረት ማህተሞች እንደወጣ የሚናገር መለያ ነው። ብዙ ሰው ቫም ፍለጋ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። «ከንፈሯ ድርብ የሆነ 1888 አለ» ሲባል ይሰማል። እጁ ላይ ያለውን ሳንቲም አንስቶ ፊቱ ላይ የተቀረጸችውን ሴት ከንፈር ያያል። ትንሽ ጥላ ካየ «አገኘሁ!» ይላል። ከዚያ ለማረጋገጫ ለሳንቲም መርማሪ ድርጅት ከፍሎ ይልካል፣ ሳንቲሙም ተራ ነው ተብሎ ይመለስለታል። ወይም ይባስ ብሎ፣ ሻጭ የለጠፈበትን ስም አምኖ የተራውን ሳንቲም እጥፍ ይከፍላል።

ችግሩ ዓይን ማጣት አይደለም፣ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ሳንቲሙ ከየትኛው ዳይ (ማህተም) እንደወጣ ለዩ። ልዩ ምልክቱን ከዚያ በኋላ ተመልከቱ።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው ሞርጋን ዶላርን (ከ1878 እስከ 1904፣ እንዲሁም 1921) እና ፒስ ዶላርን (ከ1921 እስከ 1928፣ ከዚያም 1934 እና 1935) ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ቃላት

ዳይ ሳንቲሙን የሚመታው የብረት ማህተም ነው። አንዱ ፊቱን፣ ሌላው ጀርባውን ያትማል። በሞርጋን ጊዜ እስከ 1904 ድረስ የዓመቱ ቁጥርና የማተሚያ ቤቱ (ሳንቲሙ የተመታበት ቦታ) ፊደል በየዳዩ ላይ ለብቻ በእጅ ይመታ ነበር። በዚህ ምክንያት አንዱ ዳይ ላይ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሌላው ላይ ዘንበል ይላል። አንዳንዴም ሁለቴ ይመታል፣ ወይም በሌላ ፊደል ላይ ይደረባል።

ቫም የአንድ የፊት ዳይና የአንድ የጀርባ ዳይ ጥምረት መለያ ነው። ስሙ ጥናቱን ከሠሩት ከቫን አለንና ከማሊስ የተወሰደ ነው። ቁጥሩ ለየዓመቱና ለየማተሚያ ቤቱ እንደ አዲስ ከ1 ይጀምራል። ስለዚህ «ቫም 4 አለኝ» ያለ ሰው ገና ምንም አልነገራችሁም። «1888-ኦ ቫም 4» ሲል ነው መስማት የምትጀምሩት፣ ኦ የማተሚያ ቤቱ ፊደል ናት።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ፊደል ካለ፣ ለምሳሌ 1ኤ፣ ዳዮቹ ያው ናቸው ማለት ነው። ነገር ግን በሥራ ላይ እያሉ ተሰንጥቀዋል፣ ተጋጭተዋል ወይም ተፍቀዋል። ይህን አትርሱት፣ ወደ ኋላ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 1፦ እቃችሁን አዘጋጁ

- 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ። ለአጠቃላይ እይታ 5 እጥፍ ቢጨመር ጥሩ ነው። ከ20 እጥፍ በላይ የሆነ የእጅ ማጉያ አትግዙ። የሚያሳየው ቦታ በጣም ጠባብ ነው፣ የእጃችሁ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል።
- አንገቱ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት፣ አንድ አምፖል ያለው። የጣሪያ ረጅም መብራት ጥላ ስለሚያጠፋ አይሆንም።
- እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ሚዛን። የወርቅ ቤት ትንሿ ሚዛን በቂ ናት።
- አፉ ፕላስቲክ የሆነ ካሊፐር። የብረቱ ሳንቲም ይጭራል።
- ጠንካራ ማግኔት።
- ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ ለስላሳ ነገር። ሳንቲም ከእጅ ይወድቃል፣ መውደቁ አይቀርም።
- ለ38 ሚሊሜትር የተሠራ ጠንካራ የፕላስቲክ ካፕሱል።

ከጠረጴዛው የሚርቁ ነገሮችም አሉ። የብር ማጽጃ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሎሚ፣ አመድ። እናቶቻችን የብር ጌጥ ያብረቀረቁበት ዘዴ ሰብሳቢ የሚፈልገውን ሳንቲም ይገድላል። የተፈተገ ሳንቲም ላይ በመብራት ሥር ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ፣ ዋጋውም ያኔውኑ ይወርዳል። ቫሙ ብርቅ ቢሆንም እንኳ።

ለስላሳና እንደ ጎማ የሚለጠጥ የፕላስቲክ ኪስም አትጠቀሙ። ፒቪሲ ያለበት ከሆነ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ሳንቲሙ ላይ ይተዋል።

ደረጃ 2፦ አንድ ዓመት፣ አንድ ማተሚያ ቤት ምረጡ

ሁሉንም ልፈልግ ያለ ሰው ምንም አያገኝም። በሺዎች የሚቆጠር ቫም ተመዝግቧል፣ አብዛኛው ደግሞ ከተራው ሳንቲም የበለጠ አንድ ሳንቲም አያወጣም። ሰብሳቢዎች «ቶፕ 100» እና «ሆት 50» የሚሏቸው ዝርዝሮች የተዘጋጁት ለዚሁ ነው። ከዚያ ውስጥ አንድ ዓመት ምረጡና የዚያን ዓመት ፎቶዎች ዓይናችሁ እስኪለምዳቸው ተመልከቱ። ማወዳደሪያ ፎቶ ያለበት የቫም ማውጫ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል።

ለጀማሪ የምመክረው 1878 ፊላደልፊያን ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ያለ ማጉያ ሊታይ ምንም አይቀረውም።

የማልመክረው 1921 ሞርጋንን ነው። ርካሽና የትም የሚገኝ ስለሆነ ሁሉም ከሱ ይጀምራል። ግን የዚያ ዓመት ቁጥር በእጅ አልተመታም፣ ከንድፉ ጋር አብሮ የተቀረጸ ነው። የቁጥሩ አቀማመጥ አይረዳችሁም ማለት ነው። የሚቀራችሁ የጭረትና የስንጥቅ ፍለጋ ብቻ ነው። ዓይን ከሰላ በኋላ ተመለሱበት።

ደረጃ 3፦ እውነተኛ መሆኑን አረጋግጡ

ሐሰተኛ ሳንቲም ላይ ቫም መፈለግ የጊዜ ብክነት ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. መዝኑ። አዲስ የብር ዶላር 26.73 ግራም ነው። በእጅ ብዛት ያለቀ ሳንቲም ጥቂት የግራም ክፍልፋይ ሊያጣ ይችላል። ንድፉ ጥርት ብሎ እየታየ ክብደቱ ከ26 ግራም በታች ከሆነ ግን ተጠራጠሩ።
2. ለኩ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለው ስፋት 38.1 ሚሊሜትር ነው። በቤታችሁ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ካለ ከሱ ትንሽ ጠበብ፣ ቀለልም ይላል።
3. ማግኔት አስጠጉ። 90 በመቶ ብር፣ 10 በመቶ መዳብ ነው። ከሳበው አበቃ፣ ሐሰት ነው። ካልሳበው ግን ፈተናውን አለፈ ማለት አይደለም፣ ማግኔት የማይስበው ርካሽ ብረት ብዙ ነው።
4. ጠርዙን ዞራችሁ ተመልከቱ። መሐሉ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ካለ ተውት።
5. ዓመቱና ፊደሉ አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን አረጋግጡ። ሲሲ የሚለው የካርሰን ሲቲ ምልክት ያለው ሞርጋን የታተመው ከ1878 እስከ 1885 እና ከ1889 እስከ 1893 ብቻ ነው። «1886-ሲሲ» ካያችሁ መነጽር ማውጣትም አያስፈልግም። ዲ የሚለው የዴንቨር ምልክት ያለው የድሮ ሞርጋን ደግሞ የ1921 ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ትንሿ ኦ ያለችባቸው 1896-ኦ፣ 1900-ኦ እና 1902-ኦ ለረጅም ጊዜ ብርቅ ቫም ተብለው ሲሸጡ ኖረዋል። ኋላ ላይ ሐሰተኛ መሆናቸው ታወቀ። የተሠሩት ከብር ስለሆነ ሚዛኑ ላያጋልጣቸው ይችላል። የ1899-ኦ ትንሿ ኦ ግን እውነተኛ ናት። ስለዚህ «ትንሿ ኦ» የሚለውን ስም ሰምታችሁ ብቻ አትክፈሉ፣ መጀመሪያ ዓመቱን ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ አያያዝና መብራት

እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ሳንቲሙን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ አንሱት። ፊቱን መንካት የለም።

መብራቱን ከላይ በግራ በኩል፣ ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ማጉያውን ወደ ዓይናችሁ አስጠጉና ጥርት እስኪል ሳንቲሙን ወደ ማጉያው አቅርቡ። ብዙ ሰው ማጉያውን ሳንቲሙ ላይ ደፍቶ ራሱ ከሩቅ ያያል። እንደዚያ ከሆነ የምታዩት ከግማሽ በታች ነው።

አሁን ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። አንድ አቅጣጫ ላይ የማይታይ ነገር ትንሽ ሲዞር ብቅ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ልመዱ፣ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለው። ዳይ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሳንቲሙ ላይ ተገልብጦ ነው የሚወጣው። ዳዩ ከተጫረ ሳንቲሙ ላይ *ከፍ ያለ* መስመር ይወጣል። ሳንቲሙ ራሱ ከተጫረ መስመሩ *ጎድጓዳ* ነው። ከፍ ያለው ቫም ሊሆን ይችላል፣ ጎድጓዳው ጉዳት ነው። ኪስ ውስጥ፣ ከረጢት ውስጥ፣ መሳቢያ ውስጥ የደረሰ ጉዳት።

ካልተለየላችሁ፦ ዓይን ይሸወዳል፣ በፎቶ ላይ ደግሞ ይብሳል። አጠገቡ ያለ ፊደል ተመልከቱ። ፊደሉ ከፍ ያለ መሆኑን ታውቃላችሁ። ጥላው በየት በኩል ነው? የመስመሩ ጥላ በዚያው በኩል ከወደቀ መስመሩም ከፍ ያለ ነው። በተቃራኒው ከሆነ ጎድጓዳ ነው።

ደረጃ 5፦ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ነው ገንዘቡን የሚያጣው። አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትሂዱ። እያንዳንዱን መልስ ወረቀት ላይ ጻፉ።

ሀ. ዓመትና ማተሚያ ቤት። ጀርባውን ለማየት ሳንቲሙን ከላይ ወደ ታች ገልብጡት፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ጎን አይደለም። ንስሩ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ዘንበል ብሎ ከመጣ ዳዩ ዞሮ ነበር ማለት ነው፣ መጠኑን መዝግቡ። በሞርጋን ላይ ፊደሉ ያለው ከቅጠሉ ጉንጉን ቋጠሮ በታች ነው። ምንም ፊደል ከሌለ ፊላደልፊያ ነው። ኦ ኒው ኦርሊንስ፣ ኤስ ሳን ፍራንሲስኮ ነው። በፒስ ዶላር ላይ ፊደሉ በጀርባው በግራ በኩል፣ «ዋን» ከሚለው ቃል በታች ነው።

ለ. የጀርባው ንድፍ ዓይነት። ከ1878 እስከ 1880 ላለው ይህ ወሳኝ ነው። ዝርዝሩ ደረጃ 7 ላይ አለ።

ሐ. የፊደሉ አቀማመጥ። ቀጥ ብሏል ወይስ ዘንበል? ከፍ ብሏል ወይስ ዝቅ? ውስጡ ንጹሕ ነው ወይስ የሌላ ፊደል ቅሪት አለበት?

መ. የዓመቱ ቁጥር አቀማመጥ። በዳርቻው ዙሪያ የተደረደሩትን ትንንሽ ጥርሶች ተጠቀሙ። የመጀመሪያው 1 እግር የሚያመለክተው ጥርስ ላይ ነው ወይስ በሁለት ጥርሶች መካከል? ቁጥሩ ለአንገቷ ቀርቧል ወይስ ርቋል? በግምት ሳይሆን ከማውጫው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ መልሱ።

ሠ. ስንጥቅ፣ የግጭት አሻራና የዳይ ጭረት። የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ጻፉ።

ረ. አሁን ወደ ልዩ ምልክቱ ሂዱ።

ደንቡ ይህ ነው፦ ቢያንስ ሁለት ምልክት መግጠም አለበት፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጀርባ። ለምን ከሁለቱም? ምክንያቱም አንድ የፊት ዳይ ከተለያዩ የጀርባ ዳዮች ጋር ሊሠራ ይችላል። ፊቱ ልክ ገጥሞ ጀርባው ካልገጠመ ሳንቲማችሁ ሌላ ቫም ነው። ወንድሙ ብርቅ ሆኖ እሱ ተራ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ገጥሞ ስንጥቁ ከጠፋ፦ አትደንግጡ። ዳዩ ከመሰንጠቁ በፊት የተመታ ሳንቲም ይሆናል። ያን ጊዜ ያላችሁ ፊደል የሌለው ቁጥር ነው፤ 1ኤ ሳይሆን 1። ዋጋው ግን የዚያኛው አይደለም።

ሳንቲሙ ካለቀ የተነሳ ቁጥሩ ካልታየ፦ የጀርባውን ፊደልና ጥርሶቹን ያዙ። እነሱ ከፊቷ ጉንጭና ከፀጉሯ ዘግይተው ነው የሚያልቁት። ያም ካልሆነ ተውት።

ደረጃ 6፦ «ድርብ» ያየ ሁሉ ድርብ አይደለም

ለማረጋገጫ ተልከው ባዶ እጃቸውን ከሚመለሱት ሳንቲሞች ብዙዎቹ በዚህ የተነሳ ነው። ድርብ የሚመስሉ ሦስት ነገሮች አሉ፣ የሚፈለገው አንዱ ብቻ ነው።

*እውነተኛ ድርብ ዳይ።* ንድፉ ዳዩ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ሲጫን ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ያርፋል። ድርቡ ዳዩ ውስጥ ስለሆነ ከዚያ ዳይ የወጣ ሳንቲም ሁሉ እኩል ይኖረዋል። ሳንቲሙ ላይ ሁለተኛው ምስል ሙሉና ከፍ ያለ ነው። የፊደሎቹ ጫፍ ተሰንጥቆ ትንሽ ቆረጥ ያለ ማዕዘን ይታይበታል። ፊደሉም *ይወፍራል*።

*የማሽን ድርብ።* ዳዩ ማሽኑ ላይ ላልቶ ሲንቀጠቀጥ፣ ገና የተመታውን ብር ወደ ጎን ይገፈትረዋል። ውጤቱ ጠፍጣፋ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ደረጃ ዝቅ ያለ ነገር ነው። ፊደሉ *ይቀጥናል*፣ ምክንያቱም ከራሱ አካል ተቆርጦ ነው የተገፈተረው። በዋጋ ምንም አይጨምርም።

*የዳይ እርጅና።* ዳይ ሲያረጅ የፊደሎቹ ዳርቻ ያብጣል፣ ይደበዝዛል፣ ጥላ ያለው ይመስላል። ጥርት ያለ መስመር የለውም። እሱም ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ወፈረ ወይስ ቀጠነ? ከፍ አለ ወይስ ተጠፈጠፈ? ጥርት ያለ ነው ወይስ የደበዘዘ? ሦስቱን ሳትመልሱ «ድርብ» የምትለውን ቃል አትጻፉ።

አሁንም ካልለየላችሁ መብራቱን ከግራ ወደ ቀኝ አዙሩ። የማሽን ድርብ በአንድ በኩል እንደ መስታወት ያበራል፣ በሌላው በኩል ይጠፋል። እውነተኛው ግን ከየትም ብታዩት አለ።

ደረጃ 7፦ በእነዚህ ተለማመዱ

1878 ፊላደልፊያ። የንስሩን የጅራት ላባ ቁጠሩ። 8 ከሆነ የመጀመሪያው ንድፍ ነው፣ ይህ የሚገኘው በፊላደልፊያ ብቻ ነው። 7 ከሆነ ከላባዎቹ ጫፍ በታች በደንብ ተመልከቱ። የሌላ ላባ ጫፍ ብቅ ብሏል? ካለ «7 በ8 ላይ» የሚባለው ነው። የሚታዩትን ጫፎች ቁጠሩ፣ ከዳይ ዳይ ይለያያሉ፣ ቫሙም የሚለየው በዚሁ ነው። ምንም ከሌለ ወደ ፍላጻዎቹ ሂዱ። የላይኛው ፍላጻ ላባ ከዘንጉ ጋር ትይዩ ከሆነና የንስሩ ደረት ጠፍጣፋ ከሆነ ሁለተኛው ንድፍ ነው። ላባው ዘንበል ብሎ ደረቱ ከተነፋ ሦስተኛው ነው።

ይህን ልዩነት ከያዛችሁ 1879-ኤስ እና 1880-ሲሲ ላይም ትጠቀሙበታላችሁ። በሁለቱም ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ዘንበል ያለው ላባ ነው። ትይዩው ከተገኘ የ1878 ጀርባ ነው፣ በተለይ በ1879-ኤስ ላይ ተፈላጊ ነው።

1882-ኦ በኤስ ላይ። የኦን ውስጥ ተመልከቱ። የኤስ ቅሪት አለ። ሦስት ታዋቂ ዓይነት አለው፦ ቅሪቱ ከኦ እኩል ከፍ ያለ (ቫም 3)፣ ዝቅ ያለ (ቫም 4) እና የተቆራረጠ (ቫም 5)። ተጠንቀቁ፣ ኦ ውስጥ የተጠራቀመ ቆሻሻም ኤስ ይመስላል።

1887 በ6 ላይ። የ7ን እግር ታችኛውን ክፍል እዩ። የ6 ሆድ ቅሪት በግራና በቀኝ ብቅ ይላል። በአንድ በኩል ብቻ ካለ ጭረት እንዳይሆን አረጋግጡ።

1888-ኦ ቫም 4፣ «ሆት ሊፕስ»። ከንፈር ብቻ አትዩ። አፍንጫዋም፣ አገጯም ድርብ መሆን አለበት። ገበያ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ያለቀ ሳንቲም ነው። አዲስ የሚመስል ካቀረቡላችሁ በጣም ተጠራጠሩ።

1890-ሲሲ «ቴይልባር»። ከንስሩ ጅራት ወደ ጉንጉኑ የሚወርድ ወፍራም ከፍ ያለ ዘንግ። ከፍ ያለ መሆኑን በደረጃ 4 ፈተና አረጋግጡ።

1891-ሲሲ «ስፒቲንግ ኢግል»። ከንስሩ ምንቃር በታች የምራቅ ጠብታ የምትመስል ነገር አለች። ስሙ ያስቃል፣ ሰውም ይወደዋል። ግን ብርቅ አይደለም። ለሱ ብላችሁ ብዙ አትጨምሩ።

1900-ኦ በሲሲ ላይ። ካርሰን ሲቲ ማተም ካቆመ በኋላ የተረፉት የጀርባ ዳዮች ኦ ተመትቶባቸው ለኒው ኦርሊንስ ዋሉ። የሲሲው ቅሪት ከኦ ግራና ቀኝ ይታያል። ከአንድ በላይ ቫም ስላለው ቅሪቱን ካገኛችሁ በኋላ የዓመቱን ቁጥር አቀማመጥ ለዩ።

1886-ኦ ቫም 1ኤ። ዳዮቹ መሐላቸው ብር ሳይኖር ተጋጭተው፣ ከፊት በኩል «ሊበርቲ» ከሚለው ቃል ኢ የምትባለዋ ፊደል ከንስሩ ጅራት ሥር አሻራዋን ትታለች። በ1889-ኦ እና በ1891-ኦም ተመሳሳይ አለ። ዝቅ ባለ መብራት ካልሆነ አትታይም።

ፒስ ዶላር። 1935-ኤስ ለዓይን ቀላል ነው፦ ከ«ዋን» በታች ባለ 3 ጨረርና ባለ 4 ጨረር አለ። 1923 «ዊስከር ጆ» ላይ ከመንጋጋዋ የሚወርድ የዳይ ስብራት አለ። 1934-ዲ ላይ ድርብ ፊት ፈልጉ፣ የዲውንም መጠን አብራችሁ መዝግቡ፣ ትልቅና ትንሽ አለ።

ደረጃ 8፦ ስትገዙ

የዋጋውን መነሻ እወቁ። አንድ ሳንቲም ውስጥ ወደ 0.77 አውንስ ንጹሕ ብር አለ። የዕለቱን የብር ዋጋ በዚህ አባዙ። ከዚያ የተራውን ሳንቲም የገበያ ዋጋ በዚያው ዓመትና የጥራት ደረጃ እዩ። ቫም ከዚያ በላይ የሚጨመር ነው።

የቫም አዳኞች ዋና ዘዴ ያልተለየውን በተራ ዋጋ መግዛት ነው። ሻጩ ስሙን ለጥፎበት ከሆነ ትርፉ የሱ ነው፣ ያኔ የምትከፍሉት ለማረጋገጫው ነው። ስለዚህ ማረጋገጫው እውነት ይሁን።

ኢንተርኔት ላይ ስትገዙ፦

- ፊቱም ጀርባውም ሙሉ ፎቶ ከሌለው አትግዙ።
- የምልክቱን ቅርብ ፎቶ ጠይቁ። «በደንብ ይታያል» የሚል መልስ ፎቶ አይደለም።
- የመመለሻ ጊዜውን አንብቡ። ሳንቲሙ በደረሰ ቀን ከደረጃ 3 ጀምራችሁ አረጋግጡ። ካልገጠመ ቀኑ ሳያልፍ መልሱ።

በአካል ስትገዙ ማጉያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ሳንቲሙን ከጠረጴዛው ንጣፍ በላይ ብቻ ያዙ። ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ያላችሁ ባልቲሞር የሚደረገውን የሳንቲም ትርኢት ተከታተሉ። ብዙ ነጋዴ በአንድ አዳራሽ ስለሚገኝ በግማሽ ቀን የምታዩት ሳንቲም ወራት ኢንተርኔት ላይ ከምታዩት ይበልጣል። አንዱ ነጋዴ ቢቸኩልባችሁ አመስግናችሁ እለፉ። ቫም በጥድፊያ አይለይም።

የአሜሪካ መንግሥት በ1970ዎቹ የካርሰን ሲቲ ዶላሮችን በጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን ሸጦ ነበር፣ ጂኤስኤ ይባላሉ። እንደዚህ ያለ ካገኛችሁ ሳጥኑን አትክፈቱ። ሳጥኑ ራሱ ዋጋ አለው፣ ቫሙንም በፕላስቲኩ ውስጥ ማየት ይቻላል።

ደረጃ 9፦ ካገኛችሁ በኋላ

ካፕሱል ውስጥ አስገቡት። ወረቀት ላይ ዓመት፣ ማተሚያ ቤት፣ ቫም፣ የገጠሙትን ምልክቶችና የተገዛበትን ዋጋ ጻፉ። ወረቀቱ ካፕሱሉ ውስጥ ሳይሆን ውጭ ይሁን።

የፒቪሲ አረንጓዴ ወይም የማጣበቂያ ቅሪት ካለበት ብቻ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ንከሩትና በራሱ ይድረቅ። አትፈትጉ፣ በጨርቅም አትጥረጉ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽቶና ዘይት ስላለው አይሆንም። አሴቶን እሳት ይወዳል፣ ምድጃም ሲጋራም በሌለበት፣ መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ። የጠቆረ ሳንቲም ግን ቆሻሻ አይደለም፣ ተውት።

ለማረጋገጫ መላክ የሚያዋጣው ቫሙ የሚጨምረው ዋጋ ከክፍያውና ከፖስታው ሲበልጥ ብቻ ነው። ፒሲጂኤስ፣ ኤንጂሲ እና አናክስ የሚባሉት የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች ይህን ይሠራሉ። ሁሉም ሁሉንም ቫም አይቀበሉም፣ ከመላካችሁ በፊት የሚቀበሉትን ዝርዝር እዩ። ቫሙን ሳትጠይቁና ተጨማሪውን ሳትከፍሉ ከላካችሁ የጥራት ደረጃው ብቻ ተጽፎበት ሊመጣ ይችላል። ቅጹ ላይ ቁጥሩን ራሳችሁ ጻፉ።

ሳንቲሙ «አይደለም» ተብሎ ከተመለሰ ወረቀታችሁን አውጡና ደረጃ 5ን ከሀ ጀምራችሁ እንደገና ሂዱበት። ብዙውን ጊዜ ስህተቱ የሚገኘው መ ላይ ነው፣ የዓመቱ ቁጥር ለአንድ ጥርስ ያህል ፈቀቅ ብሎ። እዚያም ካልተገኘ የሁለቱንም ጎን ጥርት ያለ ፎቶ አንሱና ከማውጫው ላይ የዚያን ዓመት ቫሞች በሙሉ አንድ በአንድ አስተያዩ። ዳግም ክፍያ ከፍላችሁ አትላኩ፣ ሁለቱ ምልክቶች እስኪገጥሙ ድረስ።